ሕመም ስለሚያስታግሥ ዝልግልግ ቅባትና መድኃኒቱን ስለሚሸከመው መረብ



በእርሻና በሸክም፣ በመፍጨትና ውሃ በመቅዳት የደከመ ሰውነት ከዕድሜ ጋራ ቍርጥማት የሚያገኘው መሆኑ የታወቀ ነገር ነው። ጕልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ጣቷን የሚቈረጥማት እናት፣ እግሩን ወለም ያለው እረኛ በየመንደሩ አይታጡም። እንደዚህ ላለው ሕመም ሰው ከጥንት ጀምሮ ሁለት መንገድ ይዟል። አንደኛው በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው በሚያመው ሥፍራ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ነው። ወጌሻ ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቶ ማሸቱ ከዚህ ከሁለተኛው መንገድ የሚቈጠር ነው። በዛሬ ዘመን ደግሞ በመድኃኒት ቤት በቱቦ ታሽጎ የሚሸጥ፣ ውሃ የሚመስል ነገር ግን የማይፈስ፣ ሲቀቡት የሚቀዘቅዝ፣ ጄል የሚባል ዝልግልግ ቅባት አለ።

ይህ ቅባት በብዙ ቤት ይገኛል፤ ዳሩ ግን ከምን እንደ ተሠራና እንዴት እንደሚያስታግሥ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። አለማወቁም ሁለት ዓይነት ጕዳት ያመጣል። አንደኛው፣ ሰው በሚቀባ መድኃኒት ሊታገሥለት የሚችለውን ሕመም ለማዳን ሲል ለወራት ክኒን እየደራረበ ጨጓራውንና ኩላሊቱን መጕዳቱ ነው። ሁለተኛው፣ «ይህስ ከላይ የሚቀባ ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋል» ብሎ ያለ ልክ መቀባቱ፣ ወይም በቤቱ በግምት መቀላቀሉ፣ ወይም ሕፃን በሚደርስበት ሥፍራ መተዉ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሁለት ስሕተቶች ማራቅ ነው። ነገሩም ሁሉ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ መድኃኒትን መድኃኒት የሚያሰኘው ሕመም የሚያስታግሠው ቅመም ብቻ አይደለም፤ ቅመሙን የሚሸከመው ነገርና የቅመሙ ልክ ጭምር ነው።

ተሸካሚውን ለማወቅ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ተልባን መመልከት ይበቃል። ያልተፈጨ ተልባ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲቈይ ውሃው እየወፈረ ይሄዳል፤ በጣት ሲያነሡትም ይሳባል፤ በብርጭቆ ሲገለብጡት በዝግታ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በፍሬው ልባስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ወደ ውሃው ስለሚወጣ ነው። ያም ነገር ከስኳር ወገን የሆኑ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ ተያይዘው የሠሩት ረዥም ክር ነው። ሊቃውንት እንደዚህ ያለውን ክር ፖሊመር ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ ብዙ ክፍል ያለው ማለት ነው። ክሩ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን አእላፍ ክሮች በውሃ ውስጥ ሲዘረጉ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ፤ ውሃውም በመረቡ ዓይኖች ተይዞ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በደንብ በተሠራ ጄል ውስጥ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ የሚሆን ክር የቀረውን ውሃ ሁሉ እንዳይፈስ አድርጎ ያስረዋል።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በዚህ ንግግር የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ ቶማስ ግሬሃም የተባሉ የስኮትላንድ ተወላጅ ኬሚስት በ1861 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር ጽፈዋል። ጨውና ስኳር በውሃ ውስጥ ፈጥነው የሚሠራጩ፣ ሙጫና ጄላቲን ግን እጅግ በዝግታ የሚሠራጩ መሆናቸውን ለይተው አስረዱ። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዘመን አከራከረ። በ1920 ዓ.ም. ሄርማን ሽታውዲንገር የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ እነዚህ ነገሮች እጅግ ረዣዥም ሰንሰለቶች ናቸው ብለው ጻፉ፤ ብዙ ሊቃውንትም ተቃወሟቸው። ኋላ ግን እውነታቸው ተገልጦ በ1953 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከተፈጥሮ የሚገኘው ክር ዓይነቱ ብዙ ነው። ከግራር ዛፍ የሚወጣው ሙጫ በኢትዮጵያ ቈላና በሱዳን ይለቀማል። በኢራንና በቱርክ አገር ከሚበቅል እሾሃማ ቍጥቋጦ ትራጋካንት የሚባል ሙጫ ይገኛል። በሕንድና በፓኪስታን ጓር የሚባል የባቄላ ዘመድ ፍሬው ተፈጭቶ ውሃን የሚያወፍር ዱቄት ይሰጣል። ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኘውን አልጂኔት የሚባለውን ክር በ1881 ዓ.ም. ለይተው ያወጡት እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ ናቸው። ከከብት ቆዳና አጥንት ደግሞ ጄላቲን ይወጣል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ዛንታን የሚባለው ነው፤ የጎመንን ቅጠል የሚያጠቍር በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ስኳር ሲመገብ የሚሠራው ክር ነውና። ይህን ያገኙት አሊን ጂንስ የተባሉ ሴት ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ላቦራቶሪ በፔዮሪያ ከተማ ሲሆን፣ በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ለምግብ እንዲውል ተፈቀደ። ዛሬ በብዙ ምግብና በብዙ ቅባት ውስጥ ይገኛል።

ሙጫ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዕጣን ከዛፍ የሚወጣ ቢሆንም አብዛኛው ክፍሉ በአልኮል እንጂ በውሃ አይሟሟም። የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟል፤ ነገር ግን ክሩ ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና እንደ ልቃቂት የተሰበሰበ ስለ ሆነ፣ በ100 ግራም ብጥብጥ ውስጥ 30 ግራም ቢገባ እንኳ ብጥብጡ መፍሰሱን አይተውም። ስለዚህ ዘይትን ከውሃ ጋራ አዋሕዶ ለመያዝ የተመረጠ ሲሆን፣ ብቻውን ጄል ለመሥራት አይበቃም። ዛንታን ግን የተዘረጋ ረዥም ክር ስለ ሆነ በ100 ግራም ውስጥ 1 ግራም ሲገባ ውሃውን ያወፍረዋል። ከዚህም ሌላ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ በቱቦው ውስጥ ሳለ ወፍራም ሆኖ ይቀመጣል፤ በእጅ ሲታሽ ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ስለሚሰለፉ ይቀጥናል፤ እጅ ሲነሣለት እንደ ገና ይወፍራል። ስለዚህ በቆዳ ላይ በቀላሉ ይዘረጋል፤ ከተዘረጋም በኋላ ወደ ታች አይወርድም።

ተሸካሚው ይህ ከሆነ፣ የሚሸከመውን ቅመም ደግሞ መመልከት ይገባል። ከሁሉ የቈየው ታሪክ ያለው ከአኻያ ዛፍ ጋራ የተያያዘው ነው። በ1763 ዓ.ም. ኤድዋርድ ስቶን የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ልጥ ደርቆና ተፈጭቶ ሲጠጣ ትኵሳት እንደሚያበርድ ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ጻፉ። በ1828 ዓ.ም. ዮሐን ቡኽነር የተባሉ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከልጡ ውስጥ ሳሊሲን የተባለውን መራራ ቅመም ለይተው አወጡ። የዚሁ ዘመድ የሆነው ሜቲል ሳሊሲሌት በሰሜን አሜሪካ ዊንተርግሪን ከተባለች ትንሽ ተክል ዘይት ይገኛል፤ ዛሬ ግን አብዛኛው በፋብሪካ ይሠራል። መገጣጠሚያ በሚታሽባቸው ቅባቶች ላይ የሚሸተው ኃይለኛ ሽታ ብዙ ጊዜ የዚህ ቅመም ሽታ ነው።

ሁለተኛው ከናና ወገን የሚገኘው ሜንቶል ነው። ሜንቶል ሲቀባ የሚቀዘቅዝ መስሎ ይሰማል፤ ቅዝቃዜን ለአንጎል የሚነግረውን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ነው እንጂ ሥጋውን በእውነት አቀዝቅዞት አይደለም። ሦስተኛው የበርበሬና የሚጥሚጣ ማቃጠያ የሆነው ካፕሳይሲን ነው። ይህን ስም በ1876 ዓ.ም. የሰጡት ጆን ክላፍ ትሬሽ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ይህ ቅመም የሚነካው የእሳትን ትኵሳት የሚያውቀውን የነርቭ በር መሆኑን አሳዩ፤ ጁሊየስም በ2021 ዓ.ም. ከአርደም ፓታፑሽያን ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። የሚጥሚጣ መቃጠል እሳት ሳይኖር እሳት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ነርቩ በየቀኑ ደጋግሞ በትንሽ ልክ ሲነካ እየደከመ ሄዶ የሕመሙን ወሬ ማድረስ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የካፕሳይሲን ቅባት የሚጠቅመው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ለሳምንታት ሲቀባ ነው። መጠኑም እጅግ ጥቂት ነው፤ በብዙው ቅባት ውስጥ በ100 ግራም ከ0.025 እስከ 0.1 ግራም ብቻ ይገኛል።

አራተኛው ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኬቶፕሮፌን የሚባሉት የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። ጆን ቬን የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1971 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ አስፒሪንና መሰሎቹ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን እብጠትና ሕመም የሚያባብስ ነገር እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ዳሩ ግን ይኸው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅና ለኩላሊት ደም እንዲደርስ የሚረዳ ነው። እንግዲህ ክኒኑ ሲዋጥ በደም አማካይነት ሰውነትን ሁሉ ስለሚዞር፣ ጕልበትን ሲያስታግሥ ጨጓራን ሊያቈስል ይችላል። የሚቀባ መድኃኒት ጥቅሙ የሚታየው በዚህ ላይ ነው።

የሰው ቆዳ አጥር ነው። ከላይ ያለው የሞተ ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ላይ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጡብ የተደረደሩ የደረቁ ሕዋሳት፣ በመካከላቸውም እንደ ጭቃ ምርጊት የሆነ ስብ ስላለበት በቀላሉ አያሳልፍም። በዚህ አጥር መግባት የሚችለው ትንሽ ሞለኪውል ነው። የሃይድሮጅን አተም ክብደት 1 ቢባል፣ ክብደቱ ከ500 በላይ የሆነ ሞለኪውል ለማለፍ ይቸግረዋል። ሜንቶል 156፣ ዲክሎፌናክ 296፣ ካፕሳይሲን 305 ስለ ሆኑ ያልፋሉ። የዛንታን ክር ግን ከሚሊዮን በላይ ስለ ሆነ ከውጭ ይቀራል። እንግዲህ መረቡ በቆዳው ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ውሃውና አልኮሉ እየተነነ ቆዳውን ያቀዘቅዛል፤ ቅመሙ ከመረቡ ዓይን እየወጣ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መረቡ በጣም ከጠበቀ ቅመሙን አይለቅም፤ በጣም ከላላ ሳይሠራ ይፈስሳል። የቀማሚው ጥበብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት ነው።

በዚህ መንገድ ወደ ደም የሚደርሰው መድኃኒት ጥቂት ነው። ከመቶ 1 እጅ ዲክሎፌናክ ያለበት ጄል በአንድ ጕልበት ላይ 4 ግራም በቀን 4 ጊዜ ሲቀባ፣ ደም ውስጥ የሚገኘው 50 ሚሊ ግራም ክኒን በቀን 3 ጊዜ ሲዋጥ ከሚገኘው ከመቶ 6 እጅ ያህል ነው። ሁለቱም ጕልበቶችና ሁለቱም እጆች ተቀብተው የቀኑ ጄል 48 ግራም ሲደርስ ግን ከመቶ ወደ 20 እጅ ያድጋል። ይህ ቍጥር ሁለት ነገር ያስተምራል፤ የሚቀባው በልክ ሲሆን ሆድን እንደሚያሳርፍ፣ ልክ ሲታለፍ ግን የሚቀባውም እንደ ሚዋጠው ሊሆን እንደሚጀምር። ደግሞም ይህ መድኃኒት የሚረዳው ለቆዳ ቅርብ ለሆነ ሥፍራ፣ ለጣት፣ ለጕልበት፣ ለቍርጭምጭሚት ወለምታ ነው፤ ጥልቅ ወደ ሆነው የዳሌ መገጣጠሚያ በደንብ አይደርስም። ከተቀቡትም መካከል ምንም ያልረዳቸው ይገኛሉ።

ቀማሚው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ መግለጽ የልክን ነገር ይበልጥ ያስረዳል። በ100 ግራም ጄል ውስጥ ዛንታን 1 ወይም 2 ግራም፣ እርጥበት የሚይዘው ግሊሰሪን ከ5 እስከ 10 ግራም፣ ሻጋታ የሚከለክል ቅመም እጅግ ጥቂት፣ የተወሰነው መድኃኒት፣ የቀረውም የተጣራ ውሃ ይሆናል። የክሩ ዱቄት በቀጥታ በውሃ ላይ ቢበተን፣ በፈላ ውሃ ላይ እንደ ተበተነ የገንፎ ዱቄት ውጭው ርሶ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓጐላ ይሠራል። ስለዚህ አስቀድሞ በግሊሰሪን ይለወሳል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በቀስታ ሲጨመር ክሩ በእኩል ይዘረጋል። ሜንቶልና መሰሎቹ በውሃ ስለማይሟሙ በጥቂት አልኮል ሟሙተው ይገባሉ። ነገር ግን አልኮሉ ከበዛ ክሩ ውሃውን ትቶ እንደ ነጭ ጥጥ ይሰበሰባል፤ መረቡም ይፈርሳል። አልጂኔትን የመረጠ ቀማሚ ደግሞ ኖራ ያለበትን ውሃ መፍራት አለበት፤ በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ክሮቹን አጣምሮ ጄሉን ያደርቀዋልና። የአሲዱ ልክም ከቆዳው አሲድ መራቅ የለበትም፤ ከራቀ ቆዳውን ያሳክካል።

ከተፈጥሮ የተገኘ ክር አንድ ትልቅ ጭንቀት አለው። ክሩ ከስኳር ወገን ስለ ሆነ ለሰው እንደሚመች ለሻጋታና ለባክቴሪያም ምግብ ነው። ውሃ ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ሞቅ ያለ ሥፍራ የተቀመጠ ነገር ሳይበላሽ አይቈይም። የተበላሸ ጄል ደግሞ በተላጠ ቆዳ ላይ ሲቀባ ቍስሉን ያመረቅዛል። ከዚህም በቀር የዛፍ ሙጫ በዝናቡና በወቅቱ፣ በለቀማውና በአቀማመጡ ይለያያል፤ የዘንድሮው እንደ አምናው ላይወፍር ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው የመጣውን ሙጫ በየጊዜው ይመዝናል፤ ውፍረቱንና አሲዱን ይለካል፤ መድኃኒቱ ከመረቡ በስንት ሰዓት ስንት እንደሚወጣ ይመረምራል፤ ጄሉንም በ40 ዲግሪ ሙቀት ለ6 ወር አስቀምጦ ውሃው ከመረቡ እንዳይለይና መድኃኒቱ እንዳይሞት ይፈትናል። ብዙ ፋብሪካዎች ሰው ሠራሽ የሆነውን ካርቦመር የሚባለውን ክር የሚመርጡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ነው። የተፈጥሮው ክር ጥቅም ግን ከዕፅዋትና ከባሕር አረም እንደ ገና የሚገኝ፣ ሲጣልም በመሬት ውስጥ የሚበሰብስ መሆኑ ነው። ቈላዋ ሙጫ፣ ደጋዋ ተልባ ለምታበቅል አገርም ይህ ጥበብ ሊማሩት የሚገባ ነው።

ነገር ግን «ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚለው ቃል ሰውን ማታለል የለበትም። የእባብ መርዝም ከተፈጥሮ የተገኘ ነው። ሬትን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፤ በቅጠሉ መካከል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ከልጡ ሥር ያለው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ሆድን የሚያስቀምጥ ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጠል ውስጥ ሳሉ ሥራቸው የተለያየ ነው። በርበሬም እንደዚሁ ነው፤ ከአንድ ማሳ የተለቀመው ሚጥሚጣ ከሌላው ማሳ ይልቅ ብዙ እጥፍ ሊያቃጥል ይችላል። እንግዲህ ሚጥሚጣ በዘይት ቀቅሎ ጕልበት የሚቀባ ሰው ስንት ካፕሳይሲን እንደ ቀባ አያውቅም፤ ቆዳው ሊያብጥና ሊላጥ፣ እጁም ዓይኑን ከነካ ብርቱ ሥቃይ ሊያመጣ ይችላል። በውሃ ብቻ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም፤ ከውሃ ይልቅ ከዘይት ጋራ የሚዛመድ ስለ ሆነ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን የሕፃናት ነው። የዊንተርግሪን ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ይኸውም 5 ሚሊ ሊትር፣ 7 ግራም ያህል አስፒሪን ከመዋጥ ጋራ የሚተካከል መርዝ አለው። ይህም እያንዳንዱ 325 ሚሊ ግራም ከሆነው ክኒን ከ21 በላይ ማለት ነው። ትንሽ ሕፃን ለሞት ለመብቃት ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ካምፎርም እንደዚሁ በአፍ ሲገባ ሕፃንን ያንዘፈዝፋል። አያት ለጕልበታቸው ያኖሩት መልካም ሽታ ያለው ጠርሙስ ለልጅ ልጃቸው ጣፋጭ ይመስላል። በጄል ውስጥ ያለው ቅመም ከዘይቱ ይልቅ የቀጠነ መሆኑ፣ የቱቦውም አፍ ጠባብ መሆኑ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ንጹሕ የቅመም ዘይት እየገዙ በቤት በግምት መቀላቀል ፈጽሞ የሚገባ አይደለም፤ የተገዛውም ቱቦ የቤቱ ቍልፍ ባለበት ሣጥን ይቀመጥ።

መምህራን ግን ያለ አንዳች መድኃኒት የመረቡን ጠባይ በክፍል ማሳየት ይችላሉ። አንድ የቡና ሲኒ ያልተፈጨ ተልባ በዐሥር ሲኒ ውሃ እስኪዝለገለግ ድረስ ይቀቀላል፤ ገና ትኵስ ሳለ በወንፊት ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይወፍራልና። ሲበርድ በአንድ ብርጭቆ ዝልግልጉ፣ በሌላ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይደረጋል፤ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀለም ይንጠባጠባል። በውሃው ውስጥ ቀለሙ ፈጥኖ ይበተናል፤ በዝልግልጉ ውስጥ ግን በነበረበት አካባቢ ቈይቶ በዝግታ ይሠራጫል። ተማሪዎቹ መረቡ መድኃኒትን እንዴት በጥቂት በጥቂቱ እንደሚለቅ በዚህ ያስተውላሉ። የቀረው ዝልግልግ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ልጆቹም በየቀኑ ሽታውን፣ መልኩንና ውፍረቱን ይጻፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲቀጥንና ሲሸት ሲያዩ፣ በቤት የተሠራ ቅባት ለምን እንደማይታመን ሌላ ስብከት አያስፈልጋቸውም። ትምህርቱም ሲያበቃ ዝልግልጉ ይደፋ፤ ለቆዳም ለአፍም አይሁን።

ሽማግሌዎች ደግሞ በመንደራቸው የሚሰሙ ስለ ሆኑ፣ የሚከተለውን ምክር ለየቤቱ ማድረስ ይችላሉ። የሚቀባ መድኃኒት በቱቦው ላይ በተጻፈው ልክ ይቀባ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም መምህሩን ያስነብብ። ከመቀባት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የተቀባው እጅ ራሱ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እንዲገባ አንድ ሰዓት ይቈይ። በቍስል፣ በተላጠ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ አጠገብ አይቀባ። የተቀባው ሥፍራ በጨርቅ ተጠፍንጎ አይታሰር፤ በእሳት ወይም በትኵስ ውሃ ጨርቅም አይሞቅ። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ያለባቸው ቅባቶች አንዳንድ ሰዎችን በቆዳቸው ላይ እንዳቃጠሉ አስታውቋል። ኬቶፕሮፌን የተቀባ ሥፍራ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚቈስል፣ በመቀቢያው ጊዜና ከተተወም በኋላ ለሁለት ሳምንት በልብስ ይሸፈን፤ ይህ ይልቁንም በፀሐይ ለሚውል ገበሬ የሚያስፈልግ ማስጠንቀቂያ ነው።

ደግሞ ሐኪምን ሳይጠይቁ ሊቀቡ የማይገባቸው ሰዎች አሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን፣ አስፒሪን ሲወስድ አስም የሚነሣበት፣ የጨጓራ ቍስል ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው። ይኸው መድኃኒት በክኒንም እየተዋጠ ያለ እንደ ሆነ ሁለቱ ስለሚደመሩ ለሐኪሙ ይነገር። የሚገዛው ቱቦ የታሸገ፣ ያለቀበት ቀን ያላለፈ፣ የሠራው ፋብሪካ ስምና የመድኃኒቱ ልክ በግልጥ የተጻፈበት ይሁን፤ በገበያ መደብ ላይ ስም የሌለው ቅባት ዋጋው ቢረክስ ጕዳቱ ይወደዳል። የመድኃኒቱን ደኅንነት የመቈጣጠር ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነውና፣ የተጠረጠረ መድኃኒት ያገኘ ሰው ለጤና ጣቢያው ያመልክት።

በመጨረሻም ቅባት የማይፈውሰውን ሕመም መለየት ያስፈልጋል። መገጣጠሚያ አብጦና ግሎ ከትኵሳት ጋራ የመጣ እንደ ሆነ፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ እግሩን መርገጥ ያቃተው እንደ ሆነ፣ እጅ ወይም እግር የደነዘዘ እንደ ሆነ፣ ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ እየነሣ ከሳምንት ወደ ሳምንት የበረታ እንደ ሆነ፣ መቀባቱ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ መሄድ ይገባል። የጋለ መገጣጠሚያ ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል፤ ቀን ባለፈ ቍጥርም አጥንቱ ይበላል። ወጌሻውም እንደዚህ ያለውን በሽተኛ ሲያይ ሳያሽ ወደ ሐኪም ቢልከው ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እንግዲህ በቱቦው ውስጥ ያለው ነገር አስማት አይደለም፤ ከባክቴሪያ፣ ከባሕር አረም ወይም ከቍጥቋጦ ሙጫ የተገኘ ክር፣ በክሩ የታሰረ ውሃ፣ በውሃውም ውስጥ ተመዝኖ የገባ ቅመም ነው። ክሩን አገር ያበቅለዋል፤ ሚዛኑን ግን ትምህርት ይሰጠዋል። ዛሬ በመንደር ትምህርት ቤት የተልባን ውሃ ተመልክቶ ለምን ወፈረ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፣ ነገ የቈላውን ሙጫ መዝኖና ፈትኖ ለአገሩ መድኃኒት የሚቀምም ባለሙያ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ድረስ ሽማግሌው በልክ ይቀባ፤ ቱቦውን ይቈልፍ፤ መምህሩም ልጁን ጠያቂ እንዲሆን ያስተምር።